ወይና ደጋና የወይን ጠጅ

አባቶቻችን ምድራችንን ቈላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብለው ሲከፍሉ፣ መካከለኛውን በወይን ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የወይን ሐረግ ጠባዩን ከምድሩ እንደሚቀበል ማወቃቸውን ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

በፈረንሳይ አገር የክረምቱ ብርድ ሐረጉን ስለሚያስተኛው መከሩ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በኢትዮጵያ ግን ሐረጉ ዓመቱን ሙሉ ያቈጠቍጣልና፣ የመከሩን ወራት የሚወስነው ገበሬው በመግረዝና በመስኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ጠጁን ለገበያ ያቀረበው በዝዋይ የሚገኘው የካስቴል እርሻ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው አሸዋማ ምድር ላይ የፈረንሳይን ዘሮች፣ ሜርሎንና ሲራን፣ ተክሏል። ዘሩ አንድ ቢሆንም ጠጁ አንድ አይሆንም፤ የቀኑ ፀሐይ የፍሬውን ስኳር ያበዛል፣ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ደግሞ ኮምጣጣነቱን ይጠብቃል።

በአዲስ አበባ፣ በልደታ፣ ለብዙ ዘመን የወይን ጠጅ የጠመቀው የአዋሽ ፋብሪካ ለጠጆቹ ጉደር፣ አክሱማይት፣ አዋሽ የሚሉ ስሞችን ሰጥቷል። ጉደር በአምቦ አጠገብ ያለውን ምድር ያስታውሳል፤ አክሱማይት ግን የአክሱምን ክብር እንጂ የአክሱምን አፈር አይናገርም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጡት ሕግ የጠጁን ስም ከበቀለበት ምድር ጋራ አስረውታል።

እኛም ቡናችንን ይርጋ ጨፌ፣ ሐረር እያልን በምድሩ እናውቀዋለን። ወይናችንን እንዲሁ ካላወቅነው፣ ወይና ደጋ የሚለው ቃል ትርጕሙ የጠፋ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።