ፋይቶፕላንክተን እና የብርሃን ቀለም

ፋይቶፕላንክተን በውቅያኖስ፣ በባሕርና በሐይቅ የላይኛው ክፍል እየተንሳፈፉ በብርሃን አስተፃምሮ (ፎቶሲንተሲስ) የሚኖሩ ደቂቅ ሕያዋን ናቸው። በምድር ላይ ከሚካሄደው ብርሃን አስተፃምሮ ግማሽ ያህሉ የእነርሱ ሥራ ነው። በውኃ ውስጥ የሚያገኙት ብርሃን እንደ ጥልቀቱና እንደ ውኃው ጥራት በመጠን ብቻ ሳይሆን በቀለምም ይለያያል። በዚህ ምክንያት የተለያዩ ዝርያዎች ለተለያየ ቀለም ብርሃን ተላምደዋል፤ አንዳንዶቹም እንደ ሁኔታው ቀለማቸውን መለወጥ ይችላሉ።

ብርሃን በውኃ ውስጥ

ቀይ ብርሃንን ውኃው ራሱ ስለሚውጠው አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይጠፋል። ከየብስ ርቆ በሚገኝ ጥርት ባለ ውቅያኖስ ከሁሉም ጠልቆ የሚዘልቀው ሰማያዊ ብርሃን ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ ከ450 እስከ 480 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ወንዝ በሚገባበት የባሕር ዳርቻ ግን ከበሰበሱ ዕፅዋት የሚመጡ ቢጫማ ንጥረ ነገሮች ሰማያዊውን ስለሚያስቀሩት የሚተርፈው በአብዛኛው አረንጓዴ ብርሃን ነው።

ክሎሮፊል ሰማያዊና ቀይ ብርሃንን በደንብ ይይዛል፤ አረንጓዴውን ግን እምብዛም አይይዝም። ስለዚህ ብዙ ፋይቶፕላንክተን ከክሎሮፊል በተጨማሪ ሌሎች ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። እዚህ ላይ በቀላሉ የሚምታታ ነገር አለ፦ ዓይናችን የሚያየው የሕዋሱ ቀለም ሕዋሱ ያልተጠቀመበት ብርሃን ነው። ቀይ መስሎ የሚታይ ሕዋስ የሚጠቀመው በተለይ በአረንጓዴው ብርሃን ነው።

ፕሮክሎሮኮከስ፦ የሰማያዊ ብርሃን ባለሙያ

ፕሮክሎሮኮከስ ስፋቱ ከማይክሮሜትር የሚያንስ ሳያኖባክቴሪያ ሲሆን በብርሃን አስተፃምሮ ከሚኖሩት ሁሉ በቁጥር ብዙው ነው። እንዲህም ሆኖ ሳሊ ቺዝሆልምና ባልደረቦቿ ያገኙት በ1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ነው፤ ግኝቱ የታተመው በ1988 ነበር። ክሎሮፊሉ ከተለመደው ጥቂት ለየት ያለ ስለሆነ ሰማያዊ ብርሃንን በመያዝ ይበልጣል። የፕሮክሎሮኮከስ ሕዋሳት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከላይ፣ ብርሃን በበዛበት የሚኖሩት ወገኖች አንድ ዓይነት የክሎሮፊል ድርሻ አላቸው፤ ከታች በድንግዝግዝ ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ ከክሎሮፊል ለ ብዙ ይይዛሉ። ልዩነቱ በዘር የሚተላለፍ በመሆኑ አንዱ ወገን ወደ ሌላው አይለወጥም።

ሲኔኮኮከስ፦ ቀለሙን የሚቀይረው

የፕሮክሎሮኮከስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሲኔኮኮከስ ብርሃን የሚሰበስበው ፊኮቢሊሶም በሚባል አንቴና ነው። በአንቴናው ፕሮቲኖች ላይ የሚጣበቁት ቀለም ሰጪዎች ምን ዓይነት ብርሃን እንደሚያዝ ይወስናሉ፤ ፊኮዩሮቢሊን ሰማያዊውን (495 ናኖሜትር አካባቢ)፣ ፊኮኤሪትሮቢሊን ደግሞ አረንጓዴውን (550 ናኖሜትር አካባቢ) ይይዛል።

አንዳንድ የሲኔኮኮከስ ዝርያዎች ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ብርሃን ሲዛወሩ አንቴናውን አፍርሰው አዲስ አይሠሩም። ፕሮቲኑ በመሠረቱ ያው ሆኖ ኢንዛይሞች በተወሰኑ ቦታዎች ላይ የሚጣበቀውን ቀለም ሰጪ ይለውጣሉ፤ ብርሃኑ ወደ አረንጓዴ ሲመለስ ለውጡም ይቀለበሳል። ሂደቱ ቀናት ስለሚወስድ ደመና ሲመጣና ሲሄድ ለሚፈጠር ለውጥ አይጠቅምም፤ ሞገድና የውኃ ዝውውር ሕዋሱን ወደ ሌላ ጥልቀት ወይም ከዳርቻ ወደ መሐል ባሕር ሲወስዱት ግን ዋጋው ይታያል። ይህ ችሎታ ለብዙ ጊዜ የላቦራቶሪ ጉድ ተደርጎ ይታይ ነበር ማለት ይቻላል። ታራ የተባለችው የምርምር መርከብ ከየውቅያኖሱ በሰበሰበቻቸው ናሙናዎች ላይ የተሠራና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ከሲኔኮኮከስ ሕዋሳት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለዚህ ለውጥ የሚያስፈልጉ ጂኖች እንዳሏቸው አሳየ።

ቀለምና አብሮ መኖር

ጆርጅ ኤቭሊን ሃቺንሰን በ1961 እ.ኤ.አ. የፕላንክተን እንቆቅልሽ የሚባለውን ጥያቄ አቀረበ፦ ሁሉም ጥቂት ነገሮችን እየተሻሙ፣ በአንድ ውኃ ውስጥ ይህን ያህል ብዙ ዝርያ እንዴት ይኖራል? አሸናፊው ሌሎቹን ማጥፋት አልነበረበትም?

የመልሱ አንድ ክፍል የብርሃን ቀለም ነው። ከባልቲክ ባሕር የተገኙ ሁለት ጥቃቅን ሳያኖባክቴሪያ፣ አንዱ ቀይ ሌላው አረንጓዴ፣ በላቦራቶሪ አብረው እንዲያድጉ ተደረገ፤ ውጤቱም በ2004 እ.ኤ.አ. ታተመ። በአረንጓዴ ብርሃን ቀዩ አሸነፈ፤ በቀይ ብርሃን አረንጓዴው አሸነፈ። ሁሉንም ቀለም የያዘ ነጭ ብርሃን ሲሰጣቸው ግን ሁለቱም አብረው ቆዩ፤ እያንዳንዱ ሌላው የተወውን ይጠቀማል። ቀለሙን መለወጥ የሚችል ቶሊፖትሪክስ የተባለ ሳያኖባክቴሪያ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ሲቀመጥ ደግሞ ተፎካካሪው ወዳልተጠቀመበት ቀለም አዘንብሎ አብሮ መኖር ቻለ። በባልቲክ ባሕር ራሱም ቀዩና አረንጓዴው በአንድ ውኃ ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ።