ሳይሮጥ ያለፈ ቴስት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የዛሬው ወሬዬ ስለ ጄዩኒት ነው። ጃቫ የምትጽፉ ሰዎች ስሙ ከአፋችሁ አይጠፋም። ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ፦ ፕሮግራመር የጻፈው ኮድ እንደታሰበው መሥራት አለመሥራቱን የሚፈትሹ ትንንሽ ቴስቶች አሉ፤ እነሱን ሰብስቦ የሚያስሮጠው ፍሬምወርክ ጄዩኒት ይባላል። ሁሉም ካለፉ መስመሩ አረንጓዴ፣ አንዱ ከወደቀ ቀይ። ሥራው ይኸው ነው።

የተወለደው አየር ላይ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በ1997 (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ) ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ ለፕሮግራመሮች ጉባኤ ከዙሪክ ወደ አትላንታ ይበሩ ነበር። ቤክ ቀደም ሲል ለስሞልቶክ ቋንቋ ኤስዩኒት የሚባል የቴስት ፍሬምወርክ ሠርቷል። ጋማ ደግሞ በ1994 ከወጣው «ዲዛይን ፓተርንስ» አራት ደራሲዎች አንዱ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱ ሲጽፍ አንዱ እያየ፣ የኤስዩኒትን ሐሳብ ወደ ጃቫ አመጡት። ሌላው ተሳፋሪ ያን ሰዓት ምን ይሠራ እንደነበር ታሪክ አልመዘገበልንም።

ኮዱ ትንሽ ነበር፤ ያልገባበት የጃቫ ቤት ግን የለም። መጀመሪያ ላይ ቴስት የሚሆን ሜተድ ስሙ «ቴስት» ብሎ መጀመር ነበረበት። በ2006 አራተኛው ቨርዥን ሲመጣ ሜተዱ ራስ ላይ @ቴስት የምትል ምልክት መለጠፍ በቂ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ሰላም ነበር። ሰላም ስላችሁ ግን ከላይ ከላይ ነው።

ከሥር የነበረውን ልንገራችሁ። ጄዩኒት 4 ሁሉን ነገር በአንድ ጃር ፋይል ጠቅልሎ ነበር የያዘው፤ ቴስት ጸሐፊው የሚጠራቸው ሜተዶችም፣ ቴስቱን የሚያስሮጠው ሞተርም፣ እንደ ኢክሊፕስ ያሉ መሣሪያዎች ውጤቱን የሚያነቡበት በርም እዚያው ናቸው። በሩም ለመሣሪያዎቹ አልበቃቸውም። የፈለጉትን በግልጽ ሲያጡ ሪፍሌክሽን በሚባለው የጃቫ ዘዴ ሾልከው የግል የተባለውን ፊልድ ሳይቀር ማንበብ ጀመሩ። ጎረቤት በጓሮ አጥር እየገባ ከጓዳ ዕቃ ሲያነሳ ኖሮ፣ ባለቤቲቱ መደርደሪያውን ያዟዟረች ዕለት «ድስቱን የት አደረግሽው?» ብሎ ሲቆጣ አስቡት። የጄዩኒት ሰዎች የአንዲት የግል ፊልድ ስም ቢለውጡ፣ የሆነ ቦታ የሆነ መሣሪያ ይሰበራል። የሚገርመው፣ የኢክሊፕስን የጃቫ መሣሪያዎች ሥራ የመራው ያው ኤሪክ ጋማ ነበር። ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል፤ የቤተሰብ ጉዳይ ደግሞ ለማስተካከል ይከብዳል።

በ2015 ጥቂት ደፋሮች «ከመሠረቱ እንሥራው» ብለው ተነሡ። ጄዩኒት ላምዳ ብለው በኢንተርኔት መዋጮ ጠየቁ፤ ሰውም ኩባንያም አዋጣ፣ ከ50,000 ዩሮ በላይ ተገኘ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጀርመን፣ ካርልስሩኸ ከተማ ሲሰበሰቡ የኢክሊፕስ፣ የኢንተሊጄና የግሬድል ሰዎችም አብረው ተቀመጡ። እኔን ብትጠይቁኝ የጄዩኒት 5 ትልቁ ሥራ ያን ጊዜ ተጀመረ። አጥር ዘላዮቹ ጎረቤቶች በፊት በር ተጠርተው «ምን ቸግሯችሁ ነው?» ተባሉ።

ከዚያ ምክር በኋላ አንዱ ጃር ለሦስት ተከፈለ። ፕላትፎርም መሣሪያዎቹ የሚያናግሩት በር ሆነ። ጁፒተር እኛ ቴስት የምንጽፍበት አዲሱ ክፍል ነው። ቪንቴጅ ደግሞ የድሮዎቹን የጄዩኒት 3ና 4 ቴስቶች የሚያስሮጥ ነው። ጄዩኒት 5 እንዲህ ሆኖ መስከረም 10 ቀን 2017 ለሕዝብ ወጣ።

ወጣ ማለት ግን በየመሣሪያው ገባ ማለት አይደለም። ኢንተሊጄ ቀድሞ በ2016 ጀምሮት ነበር። ኢክሊፕስ በጥቅምት 2017 ከጃቫ 9 ጋር አብሮ አስገባው። የቢልድ መሣሪያው ግሬድልና የሌላው ቢልድ መሣሪያ የማቨን ቴስት አስሯጭ ሹርፋየር ግን በራሳቸው እስኪያውቁት 2018 ደረሰ። እስከዚያ የጄዩኒት ሰዎች ራሳቸው ጊዜያዊ ፕለጊን ጽፈው ድልድይ ሠሩ።

አሁን ጆሮ ስጡኝ፤ ወሬዬን ያመጣሁት ለዚህች ነው። ማቨን ትጠቀማላችሁ እንበል። ጁፒተርን ፕሮጀክታችሁ ውስጥ አስገባችሁ፣ @ቤፎር የነበረውን @ቤፎርኢች፣ @ኢግኖር የነበረውን @ዲሴብልድ አደረጋችሁ፣ «ፐብሊክ» የሚለውንም አሁን አያስፈልግም ብላችሁ አጠፋችሁ። የሹርፋየርን ቨርዥን ግን አልጻፋችሁም። ካልጻፋችሁለት ማቨን 3 ለብዙ ዓመት በራሱ የሚያመጣው 2.12.4ን ነበር፤ እሱ ደግሞ ጁፒተር የሚባል ፍጡር ሰምቶም አያውቅ። ቢልዱን ታስነሳላችሁ። ስክሪኑ ላይ የሮጡ ቴስቶች 0፣ የወደቁ 0፣ ስሕተት 0 ይላል። ከሥሩ በደማቅ አረንጓዴ፦ ቢልዱ ተሳክቷል። እውነት ነው፤ ከዜሮ ቴስት ውስጥ አንድም አልወደቀም! የመጨረሻዋን መስመር ብቻ የሚያይ ሰው (የማያይ ማን አለ?) ደስ ብሎት ቡናውን ይጠጣል።

ሁለተኛዋ ወጥመድ ደግሞ ከኢምፖርት ትመጣለች። ቪንቴጅን ለአሮጌዎቹ ቴስቶች ስትሉ አስገብታችኋል። @ቴስት ብላችሁ ስትጀምሩ ኤዲተሩ ሁለት ምርጫ ይደቅናል፤ አንዷ የድሮዋ፣ አንዷ ጁፒተር የሚል ስም በመሐል ያላት። እጃችሁ ቸኩሎ የድሮዋን መረጠ። በላይዋ ያለው @ቤፎርኢች ግን የጁፒተር ነው። ኮምፓይለሩ ምንም አይልም። ቴስቷን ቪንቴጅ ያስሮጣታል፤ ማዘጋጃ ሜተዱን የሚጠራው ግን የለም፣ ቪንቴጅ አያውቀውማ። ያልተዘጋጀው ነገር ነል (ባዶ) ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ እናንተም ኮዱን ስትወቅሱ ትውላላችሁ። ይቺኛዋ ግን በግልጽ ትጮኻለች፤ በቀይ ነው የምትመጣው፣ አልፈራትም።

የምፈራው ሦስተኛዋን ነው። በጄዩኒት 4 ቴስቱ ሲወድቅ የሚታየው መልእክት መጀመሪያ ይጻፍ ነበር፤ በጁፒተር መጨረሻ ላይ ሄደ። «አሰርት ኖት ነል» ብላችሁ በቅንፉ ውስጥ አስቀድማችሁ «የደንበኛው ስም የለም» የሚል መልእክት፣ ቀጥላችሁ የደንበኛውን ስም የሚያመጣውን ሜተድ ጽፋችሁ ነበር። ኢምፖርቱን ብቻ በፍለጋና በመተካት ቀየራችሁት። ሁለቱም ጽሑፍ ስለሆኑ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። ጁፒተር ግን የመጀመሪያውን እንደሚፈተሽ ነገር፣ ሁለተኛውን እንደ መልእክት ይወስዳል። ስለዚህ የሚፈትሸው ያንን የራሳችሁን መልእክት ነው፤ እሱ ደግሞ መቼም ነል አይሆን። የደንበኛው ስም ቢኖርም ቢጠፋም ቴስቷ ዕድሜ ልኳን ታልፋለች። ይህችን ኮምፓይለሩም ቢልዱም አይይዟትም።

ታሪኩ አልቆመም። በመስከረም 2025 መጨረሻ ጄዩኒት 6 ወጣ፤ ከጃቫ 17 በታች አይቀበልም። ድሮ ፕላትፎርም 1 ነጥብ ምናምን፣ ጁፒተር 5 ነጥብ ምናምን እየተባለ ስንቱን ያደናገረው የቁጥር ነገር ቀርቶ ሦስቱም አንድ ቁጥር ያዙ። ቪንቴጅም ተሰናባች መሆኑ ተነግሮታል፤ የጄዩኒት 4 ቴስት ያላችሁ ከአሁኑ ጀምሩ። በዚያው ዓመት የወጣው ግሬድል 9፣ የቴስት ኮድ ተቀምጦ አንድም ቴስት ካላገኘ ቢልዱን ይጥላል። ደግ አደረገ፣ ዘገየ እንጂ። ሹርፋየር ግን «ቴስት ካላገኘህ ጣል» ብላችሁ ካላዘዛችሁት ዜሮውን ዛሬም ያሳልፋል። እኔማ አዲስ ቨርዥን በገባ ቁጥር አንዷን ቴስት ሆን ብዬ አበላሻታለሁ፤ ቀይ ካላየሁ ኮምፒውተሬን አልዘጋም።