ቂብላን ካሰላው አል-ቢሩኒ እስከ ኪሳችን ካርታ፦ መንገዱን የሚያሳየን ማን ነው?



የ2014ን ጥቅምትና ህዳር የደሴና የኮምቦልቻ ሰው አይረሳውም። ጥቅምት መገባደጃ ላይ ጦርነቱ ከተሞቻችን ገባ፤ እስከ ህዳር 27 ድረስ በነበሩት ሳምንታት ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። በሐምሌ 2015 መገባደጃ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ቆየ። ያኔ ስልካችን በእጃችን ነበር። ሰማይ ላይ ያሉት ሳተላይቶችም ሥራቸውን አላቆሙም። ታዲያ የብዙዎቻችን ካርታ ለምን ባዶ ሆነ?

መልሱን ለማግኘት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ።

አቡ ረይሃን አል-ቢሩኒ በ973 (እ.ኤ.አ.) በኽዋሪዝም ተወለደ። በ1017 የጋዝናው ሱልጣን ማሕሙድ አገሩን ሲይዝ እሱንም ወደ ጋዝና ወሰደው። በቀጣዩ ዓመት ካቡል አጠገብ ባለች መንደር ሳለ የፀሐይን ከፍታ መለካት ፈለገ፤ መሣሪያ ግን አልነበረውም። ምን አደረገ? የሒሳብ ሰሌዳውን ገልብጦ ጀርባው ላይ በዲግሪ የተከፋፈለ ቅስት ሣለ፣ ክር አንጠለጠለበትና ለካ። በ416 ሂጅራ በጨረሰው የከተሞችን አቀማመጥ በሚያሰላው መጽሐፉ የጋዝናን ኬክሮስና ኬንትሮስ አወጣ፤ ከዚያም ተነስቶ ቂብላዋን አሰላ። መሣሪያ አጣ እንጂ ዕውቀቱ የራሱ ነበርና የትም ሲሄድ አብሮት ሄደ።

ይህን ሒሳብ ወደ እኛ ሰፈር እናምጣው። ደሴ በ39.6 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ገደማ ላይ ትገኛለች፤ መካ ደግሞ በ39.8 ገደማ። ኮምቦልቻ በሁለቱ መካከል ናት። ስለዚህ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ ቂብላችን ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ምሥራቅ የሚያዘነብለው በአንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በቀጥታ መስመር ርቀቱ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሰሜንን የሚያውቅ የወሎ ልጅ ቂብላውን ለማወቅ ኔትወርክ አያስፈልገውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጂፒኤስ እንምጣ። የሠራው የአሜሪካ ጦር ነው፤ የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 (እ.ኤ.አ.) ወደ ህዋ ወጣ። በ1983 አንድ የደቡብ ኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን መስመሩን ስቶ ሶቪየት ኅብረት የአየር ክልል ውስጥ በመግባቱ ተመትቶ 269 ሰዎች አለቁ። ከዚህ በኋላ ነበር ፕሬዝዳንት ሬገን ጂፒኤስ ለሲቪሎችም ክፍት እንደሚሆን ያስታወቁት። ሆኖም ለሲቪሉ የሚላከው ምልክት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለነበር እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። ሀረጎን ስትወርዱ 100 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ታችኛው ጥምዝ ላይ ሆናችሁ ላይኛው ላይ ናችሁ ይላችኋል። ይህ ማዛባት የቆመው በ2000 (እ.ኤ.አ.) ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስልካችን ከሳተላይት ምልክት ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም፤ ልክ እንደ ሬዲዮ ነው። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ካሉት ሳተላይቶች የአራቱን ምልክት ካገኘ ያለንበትን ቦታ ያሰላል። ሲም ካርድም ዳታም አይጠይቅም። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚዘገየው የመጀመሪያው ፍለጋ ብቻ ነው፤ ገላጣ ቦታ ላይ ትንሽ መታገሥ ይበቃል። ያን ጊዜ የጠፋብን ያለንበት ነጥብ ሳይሆን ነጥቡ የሚያርፍበት ካርታ ነበር። ካርታው የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ፣ በፈለግነው ቁጥር በኢንተርኔት ይላክልን ነበር። ጎግል ማፕም አውርዶ ማስቀመጥ ይፈቅዳል፤ ግን የጊዜ ገደብ አለው፣ ባለቤቱም ድርጅቱ ነው።

በዚህ ጥያቄ የተነሳ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ስቲቭ ኮስት የተባለ እንግሊዛዊ ኦፕንስትሪትማፕን ጀመረ። በአገሩ የመንግሥት ካርታ ውድ ስለነበር ሰዎች ራሳቸው መንገዳቸውን እየለኩ ለሁሉም ነፃ የሆነ ካርታ እንዲሠሩ አሰበ። በ2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ከዓለም ዙሪያ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች በቀናት ውስጥ ሣሉ፤ የነፍስ አድን ሠራተኞችም ተጠቀሙበት።

ይህ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ወቅፍን እናውቃለን፤ ለሕዝብ የተሰጠ የውኃ ጉድጓድ አይሸጥም አይለወጥም። ኦፕን ሶርስ የሚባለውም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም የሚያየው፣ የሚያስተካክለውና የሚያካፍለው ፕሮግራም ነው። የማፕስ ሚ ታሪክ ምስክር ነው። ይህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አፕ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ኮዱን ለሕዝብ ክፍት አደረገ፤ በ2020 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ግን ክፍት የሆነውን ኮድ ማንም መልሶ ሊዘጋው አልቻለም። ቀድሞ የሠሩት ሰዎች ያንኑ ኮድ ይዘው ኦርጋኒክ ማፕስን አቋቋሙ። በ2025 በእሱም አስተዳደር ላይ ቅሬታ ሲነሳ ሌሎች አስተዋጽኦ አድራጊዎች ኮማፕስ ብለው ወጡ። ድርጅቱ ሲለወጥ ሥራው አልሞተም።

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ? ቀላልና ፈጣን ነገር ለሚፈልግ፣ ስልኩም አቅሙ ዝቅ ላለ፣ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኮማፕስ ይበቃል፤ ማስታወቂያ የላቸውም፣ የት እንደምትሄዱም አይከታተሉም። ጦሳን ለሚወጣ፣ ገጠር ለሥራ ለሚዞር፣ የሄደበትን መንገድ መዝግቦ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ደግሞ ኦስማንድ ይሻላል። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው፤ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታም ያሳያል። ነገር ግን ከበድ ይላል፣ ለመልመድም ጊዜ ይፈልጋል። ሁሉም ካርታቸውን የሚወስዱት ከኦፕንስትሪትማፕ ስለሆነ በአንዱ የጎደለ መንገድ በሌላውም ይጎድላል።

ስለዚህ ሥራው አፕ በመምረጥ አያልቅም። ዛሬ ኔትወርክ ሳለ የኢትዮጵያን ካርታ አውርዱ፤ ነገ ሲጠፋ አይወርድም። ከዚያም ሰፈራችሁን ክፈቱና እዩ። መድኃኒት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ መስጂዱ፣ የውኃ ቦኖው አለ? ከሌለ መዝግቡት። ያለ ኔትወርክ መዝግባችሁ ኔትወርክ ሲመጣ መላክ ይቻላል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ ካርታ መንገድ መኖሩን እንጂ መንገዱ ሰላም መሆኑን አያውቅም። እሱን ከመንገዱ የመጣ ሰው ጠይቁ።

አል-ቢሩኒ መሣሪያ ሲያጣ ሰሌዳውን ገለበጠ። እኛ መሣሪያው በኪሳችን ነው፤ የጎደለን ቀድሞ መዘጋጀቱ ነው። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ካርታውን አውርዱ፣ ለእናትና አባታችሁም ስልክ ላይ ጫኑላቸው።