ሰው ሐራ ነውን? የነጻ ፈቃድ ጥያቄ በታሪካችን ውስጥ

በየክበቡ ክርክር በጋለ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋገማል። ስለ ግለሰብ ነጻነትና ስለ ነጻ ፈቃድ ያነሣ ሰው «ቡርዧዊ ግለኛ» የሚል ቅጽል ይለጠፍበትና ውይይቱ ይዘጋል። ነጻ ፈቃድ ከምዕራብ የመጣ ሸቀጥ ነው፣ የኛ ሕዝብ የሚያውቀው «የአርባ ቀን ዕድል»ን ብቻ ነው የሚሉም አልታጡም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ሌላ ነው። ጥያቄው አገር በቀል ነው፤ ደምም ፈሶበታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። እንግሊዛዊው ዊልያም ቤልሻም በ1789 «ሊበርታሪያን» ያላቸው የሰው ፈቃድ በግድ የተወሰነ አይደለም ብለው የሚከራከሩትን ነበር። ወደ ፖለቲካው ያሻገረው ፈረንሳዊው ጆዜፍ ዴዣክ ነው። ዴዣክ የግድግዳ ወረቀት እየለጠፈ የሚያድር ሠራተኛና ስደተኛ ሲሆን፣ ከ1858 እስከ 1861 ኒውዮርክ ላይ «ለ ሊበርቴር» የተባለች ጋዜጣ ያወጣ ነበር። መንግሥትንም ከበርቴንም በአንድነት ይቃወም ነበር። ዛሬ ቃሉን የያዙት በ1971 አሜሪካ ውስጥ ፓርቲ ያቋቋሙት የነጻ ገበያ ሰዎች ናቸው። እዚሁ ኦስሎ አንደርስ ላንጌ በኤፕሪል 1973 በሳጋ ሲኒማ ቤት ሕዝብ ሰብስቦ ግብርና የመንግሥት ጣልቃ ገብነት በብርቱ ይቀነስ የሚል ፓርቲ መሠረተ፤ የዛሬው የዕድገት ፓርቲ የዚያ ወራሽ ነው። ስደተኛው ሠራተኛ ለጭቁኑ ያነሣው ቃል ግብር ለከበደው ባለሀብት መጠለያ ሆነ ማለት ነው። ቃሉ ስለተወሰደ ግን ጥያቄውን አብረን የምናስረክብበት ምክንያት የለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1603 የነገሠው ዓፄ ዘድንግል ዙፋኑ ላይ አንድ ዓመት ያህል እንኳ ተደላድሎ ሳይቀመጥ አንድ አዋጅ አወጀ። ፍሬ ነገሩ ሰው ሐራ ነው፣ የሚገብረው መሬት ነው የሚል ነበር። «ሐራ» በግዕዝ ወታደርም ነጻ ሰውም ሊሆን ስለሚችል ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፤ ንጉሡ ገበሬውን ሁሉ ለጦር መጥራቱ ነው የሚሉ አሉ፣ ገባሩን ከጭፍራው ጫና ነጻ ማውጣቱ ነው የሚሉም አሉ። በየትኛውም ትርጉም ቢሆን የገበሬውን ጎጆ፣ ጉልበትና ጎተራ እንደ ግል ንብረቱ ይቈጥር የነበረውን ጭፍራ የሚነካ አዋጅ ነበር። ዘድንግል ወደ ካቶሊኮች በማዘንበሉ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ከታማኝነት መሐላው ፈቱት። ዘሥላሴና የቁርባን ጭፍሮች ሸፈቱ፤ ንጉሡም በኦክቶበር 1604 ደንቢያ ውስጥ ባርጫ ላይ ተገደለ። የታሪክ መጻሕፍቶቻችን ለሃይማኖቱ ጉዳይ የሚሰጡት ቦታ ሰፊ ነው። በኔ ግምት ግን ውግዘቱ ሰበብ ሆነ እንጂ ጦሩን ያስወረወረው ጥቅሙ የተነካበት ጭፍራ ነው።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ሱስንዮስ ግዴታን ከጎተራ ወደ ኅሊና አገባው። በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ ገለጠ። በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ መጣ፤ በተከታዩ ዓመት ንጉሡና መኳንንቱ ለሮም መሐላ ፈጸሙ። ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ቅዳሜ አይከበር ተባለ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲል የኖረ ሕዝብ ይህን ጊዜ ንጉሡን ከመክሰስ አልፎ ጦር መዘዘበት። በጁን 1632 ወይና ደጋ ላይ ሱስንዮስ የላስታን ዓመፀኞች ድል አደረገ፤ የወደቁት የገዛ ሕዝቡ ሰዎች መሆናቸውን አይቶ ግን የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አወጀና መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ልብ በሉ፣ ያሸነፈ ንጉሥ ነው የተረታው። ይሁንና የኅሊና ነጻነቱ ለአንድ ወገን ብቻ ሆነ። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጣ፤ በ1638 ሁለት የካፑቺን መነኮሳት፣ አጋታንጅና ካሲያን፣ ጎንደር ላይ ተገደሉ።

የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ የሚተርከው የዚህኑ ዘመን ነው። በአክሱም አቅራቢያ የተወለደው መምህር ለሱስንዮስ ተከሶ ዳዊቱንና ጥቂት ወርቁን ይዞ ሸሸ፤ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። እዚያ የደረሰበት ሐሳብ ሦስቱንም ጥያቄዎች በአንድ ገመድ ያስራል። እግዚአብሔር ሰውን የገዛ ሥራው ጌታ አድርጎ ፈጥሮታል፤ መልካምም ክፉም የሚሆነው በራሱ ምርጫ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሰውን እንደ ከብት መሸጥና መግዛት ያወግዛል። እንፍራዝ ውስጥ ከጌታዋ ቤት ኂሩት የምትባለዋን አገልጋይ ሲያገባም ባልና ሚስት እኩል ናቸው፣ ገረዴ አይደለችም ይላል። የፈቃድን ነጻነት ያመነ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ጌታና ገረድን ሊያቆይ አልቻለም። በአደባባይ ስለ እኩልነት እየተናገርን ወጥ ቤቱን ለእኅቶቻችን ብቻ የምንተው ሁሉ ይህን ገጽ ደጋግመን ብናነበው ይበጀናል።

ሐተታው የእርሱ አይደለም የሚል ክርክር አለ። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ጸሐፊው የ19ኛው መቶ ዘመን ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ካናዳዊው ክሎድ ሰምነር አዲስ አበባ ሆኖ ይህን ተቃወመ። ጌታቸው ኃይሌም ቀድሞ የነበራቸውን ጥርጣሬ ትተው በ2017 የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወደሚለው አመዘኑ። ክርክሩ አልተዘጋም። የሐተታው ባለቤት ማንም ይሁን ማን፣ የዘድንግል አዋጅና የወይና ደጋ ሬሳ ግን የሚሲዮናዊ ፈጠራ አይደሉም።

አሁን የምንኖርበትን አገር እንመልከት። ከኦስሎ ደቡብ ዳርቻ፣ ፕሪንስዳል ላይ ተቀምጠን ነጻነት ከዚህ ምድር እንደ ጥድ ዛፉ በራሱ የበቀለ ሊመስለን ይችላል። የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን መምህር ሉተር ግን በ1525 ኤራስመስን ሲመልስ በድኅነት ጉዳይ የሰው ፈቃድ የታሰረ ነው ብሎ የጻፈ ሰው ነው። የገበሬው ልጅ ሃንስ ኒልሰን ሃውገ ያለ ቄስ ፈቃድ ሕዝብ ሰብስቦ በመስበኩ በ1804 ታሰረ፤ ስብሰባውን የሚከለክለው ሕግ የተሻረው በ1842 ነው። በኪራይ ክፍል ውስጥ ለውይይት የምንሰበሰብ ይህን ማወቃችን መልካም ነው። የ1814ቱ ሕገ መንግሥት አይሁድን፣ መነኮሳትንና ኢየሱሳውያንን ከአገሩ አገደ። ባለቅኔው ሄንሪክ ቨርገላንድ ለአይሁድ ታግሎ ውጤቱን ሳያይ በ1845 ሞተ፤ እገዳው በ1851 ተነሣ። የመነኮሳቱ በ1897፣ የኢየሱሳውያኑ ግን በ1956 ነው የተነሣው! በፋሲለደስ ላይ ፍርድ ለመስጠት የሚቸኩል ኖርዌጃዊ ወዳጅ ቢያጋጥማችሁ ይህን ቀን ንገሩት።

የቅርቡ ታሪካችን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በማርች 1975 የገጠር መሬት ሲታወጅ ጭሰኛና ባለመሬት የሚባል ነገር ቀረ። ታላቅ ድል ነበር፤ ይህን የሚክድ ገበሬውን አያውቅም። ነገር ግን ባላባቱ በሄደበት መንግሥት ተተካ። ገበሬው እህሉን በኮታ፣ በተቈረጠለት ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት አስረከበ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽም ሳይወድ በሰፈራና በመንደር ምሥረታ ከቀዬው ተነቀለ። መሬቱ ለአራሹ ሆነ ሲባል አራሹ ራሱ ለመንግሥት ሆነ።

ከዚያም ቀይ ሽብር አለ። በ1977 እና በ1978 ወጣት ሲረሸን ገዳዩ «አብዮቱ አዘዘ» ይል ነበር። ከማዶም ታጋይ ነኝ ያለው ወገን ከተማ ውስጥ ሰው ሲገድል «ታሪክ ያስገድዳል» ይል ነበር። ሁለቱም ይህን ቋንቋ የተማሩት ከአንድ ትምህርት ቤት ነው፤ የዚያም ትምህርት ቤት አንዱ ክፍል በአውሮፓና በአሜሪካ የነበሩት የተማሪ ማኅበራት የውይይት ክበቦች ናቸው። የኅብረተሰብ ሕግ ሁሉን ይወስናል ከተባለ ጣት ምላጭ ስትስብ ባለቤት የላትም ማለት ነው። በ1994 የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት ያንን አልተቀበለም። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት በዲሴምበር 2006 በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ። የሃይማኖት አባቶች ለታሰሩት ምሕረት ጠየቁ፤ ምሕረት መጠየቅም ያው ሥራው የሠሪው ነው ማለት ነው። በ2011 የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት ብዙዎቹ ከእስር ወጡ። በክበብ ተቀምጠው መፈክሩን ጽፈው ያባዙትን ግን የጠየቀ ችሎት የለም።