ስለ ሕገ ልቦናና ስለ መንግሥት ሥልጣን የሁለት አሜሪካውያን አሳብ

ሰው ለመንግሥት የሚገዛው በምን ምክንያት ነው? ይህ ጥያቄ ፈላስፎችን ከጥንት ጀምሮ ሲያከራክር የኖረ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው፥ በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአሜሪካ «አናርኪስት» ከተባሉት ደራስያን የሁለቱን አሳብ ነው። ይህ ስም ሲጠራ ብዙ ሰው ቦምብ ወርዋሪ ይመስለዋል፤ የእነዚህ መሣሪያ ግን ብዕር ነበረ። ዓመቶቹን የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ላይሳንደር ስፑነር በ1808 በማሳቹሴትስ ተወለደ፤ ሙያውም ጥብቅና ነበር። በ1844 ደብዳቤ የሚያመላልስ ኩባንያ አቁሞ ከመንግሥት ፖስታ ባነሰ ዋጋ ቢሠራ፥ በክስ ብዛት ሥራውን ለመተው ተገደደ። በ1845 ደግሞ ባርነት ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጋር የማይስማማ መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ።

ይሁን እንጂ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ፥ ከ1867 እስከ 1870 ባወጣቸው ጽሑፎች የሕገ መንግሥቱን ሥልጣን ራሱን ካደ። ክርክሩም እንዲህ ነው፤ ሕገ መንግሥት ውል ከሆነ፥ ውል የሚያስረው የተዋዋለውን ብቻ ነው፤ የ1787 ተዋዋዮች ግን ሞተዋል። ግብር መክፈልም ፈቃድን አያሳይም፤ ሽፍታ አስገድዶት ገንዘቡን ያስረከበ ሰው ወዶ ሰጠ አይባልምና።

በ1882 ስለ ሕገ ተፈጥሮ ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ፥ ፍትሕ በምርምር የሚታወቅ እንጂ በምክር ቤት የሚደነገግ አይደለም አለ። የምክር ቤት ሕግ ከፍትሕ ጋር ቢስማማ ትርፍ ነው፤ ቢቃረን ግፍ ነው። የእኛ ሊቃውንት ሕገ ልቦና የሚሉት ለዚህ ይቀርባል፤ ነገር ግን እነርሱ ፈጣሪ በሰው ልብ ያሳደረው ነው ሲሉ፥ ስፑነር የሚያስረዳው ከሰው ተፈጥሮና ከአእምሮ ተነሥቶ ነው።

«ነፃነት» የተባለውን ጋዜጣ በ1881 የመሠረተው ቤንጃሚን ተከር ስፑነርን በጣም ያከብር ነበር። ሆኖም ስፑነር በሞተበት በ1887 ገደማ፥ የጀርመናዊውን የማክስ ሽቲርነርን አሳብ ተቀብሎ፥ መብት ሰዎች ከሚስማሙበት ውል በቀር ሌላ ምንጭ የለውም ወደ ማለት ደረሰ። ስለዚህም በጋዜጣው ላይ ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ አንዳንድ ጸሐፊዎችም ተለዩት።

እንግዲህ ፍርዳችን ምንድን ነው? ስፑነርን፥ «ሁለት ሰዎች ሕገ ተፈጥሮን በየራሳቸው ቢተረጕሙት ዳኛው ማን ነው?» ብለን ብንጠይቀው፥ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያቆሙት ማኅበር ነው ይላል፤ ወደ ማኅበሩ ያልገባውን ሰው ግን ማን እንደሚዳኘው በቂ መልስ አላገኘንለትም። የተከር ጕድለት ግን ከዚህ የከፋ መስሎ ይታየናል። መብት ከውል ብቻ ከመጣ፥ ማንም ያልተዋዋለው ባሪያ በጌታው ላይ ምን ብሎ ይከሳል? ስፑነር በ1845 ስለ ባሪያው የተሟገተው፥ ከውል በፊት የሚቀድም ፍትሕ አለ ብሎ ስላመነ ነው። ስለዚህ መንግሥት አያስፈልግም በማለቱ ባንከተለውም፥ መንግሥትን ራሱን የሚመዝን ሚዛን አለ በማለቱ እውነት አለው እንላለን።