ፊደልና ቀለም፦ «አምቦ» ስንት ይቈጠራል?

ከዓመታት በፊት አምቦ ላይ ሥነ ግጥም ሳስተምር አንድ ተማሪዬ የስንኞችን ቀለም በኮምፒዩተር ቈጥሮ አመጣልኝ። የአምቦ አካባቢ ተወላጅ የነበሩት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በየሐረጉ 8 ቀለም በሚመደብበት «የጸጋዬ ቤት» ይታወቃሉ፤ የተማሪው ውጤት ግን ለአንድ ሐረግ ከ20 በላይ ነበር። ስሕተቱ ከየት መጣ? መልሱ ያለው በፊደላችን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ውስጥ ነው።

በታይፕራይተር ዘመን ፊደሉ ተከፋፍሎ ቅጥሉ ለብቻው ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ደግሞ ፊደሎቻችንን ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቍጥሮች ላይ አሳፈሯቸው። አመዳደባቸው የተለያየ በመሆኑ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለ345 የግዕዝ ፊደላትና ምልክቶች የራሳቸውን ቍጥር ሰጠ።

ይሁንና ቍጥር ማግኘት ብቻውን አልበቃም። የፕሮግራሙን ትእዛዝ እያነበበ የሚፈጽመው አስተርጓሚም ቍጥሩን ማወቅ ነበረበት። ፓይተን የተባለው ቋንቋ በ2000 በወጣው 2.0 እትሙ ዩኒኮድን ቢቀበልም፣ ተራው ጽሑፍ የባይት ድርድር ሆኖ ቀረ። በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝ «አምቦ» 9 ይቈጠር ነበር። በ2008 የወጣው 3.0 እትም ጽሑፍን በዩኒኮድ ስለተረዳ ግን «አምቦ» 3 ሆነ። ተማሪዬ የተጠቀመው በአሮጌው እትም ነበር።

አዲሱ አሠራር ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ የሚሰጠው ጥቅም ቀላል አይደለም። የ«ሀ» ቍጥር 4608 ሲሆን፣ በአብዛኛው ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ቦታ ተመድቧል። ከ«ቦ» ቍጥር፣ ከ4710፣ ላይ 4608 ተቀንሶ ለ8 ሲካፈል ቀሪው 6 ነው። ከዜሮ ስንጀምር 6 ሳብዕን ያመለክታል። ቤት መምታትን የሚያጠና ሰው በዚህ ስሌት የሺሕ ስንኞችን መድረሻ ሊመረምር ይችላል።

ተማሪዬ በአዲሱ እትም ደግሞ ሞከረ። ቍጥሩ ቀነሰ፤ 8 ግን አልሆነም። በ«ምድር» መነሻ ላይ ያለው «ም» አናባቢ ሲያሰማ በ«አምቦ» መካከል ያለው አያሰማም፤ የሁለቱም ቍጥር ግን 4637 ነው። ስለዚህ «አምቦ» በባይት 9፣ በፊደል 3፣ በቀለም ግን 2 ነው፦ አም፣ ቦ።

አስተርጓሚው ፊደል መቍጠር መቻሉ ትልቅ እርምጃ ነው። ፊደልን እንደ ቀለም ወስዶ ስለ ግጥም ምጣኔ መደምደም ግን የተመራማሪው ጥፋት እንጂ የመሣሪያው አይደለም። በመጨረሻ ተማሪዬን ስንኙን ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁት፤ በጣቱም ቈጠረ። ስምንት ሆነ።