ፕራናያማ፦ እስትንፋስ መግራት

ዮጋ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ወይም በራሱ የቆመ ሰው ነው። በጥንታዊው የሕንድ መጽሐፍ በፓታንጃሊ «ዮጋ ሱትራ» ግን የሰውነት አቋቋምና አቀማመጥ ከስምንቱ የዮጋ ክፍሎች ሦስተኛው ብቻ ነው። አራተኛው ፕራናያማ ይባላል። ዮጋን ሳያቋርጡ የሚሠሩ ሰዎች የሚያገኙት እርጋታ ከዚህኛው ክፍል በብዛት ይመጣል ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ በአማርኛ ስም ሊኖረው ይገባል።

«ፕራና» በሳንስክሪት እስትንፋስም የሕይወት ኃይልም ነው። «አያማ» ማርዘም፣ መዘርጋት ማለት ነው፤ ቃሉን በሌላ መንገድ ከፍለው መግታት ነው የሚሉም አሉ። «የአተነፋፈስ ቁጥጥር» እንዳንለው ቃሉ ማስገደድ ማስገደድ ይሸታል። እኔ የምመርጠው «እስትንፋስ መግራት» የሚለውን ነው። በእኛም ዘንድ እስትንፋስ ከአየር በላይ ነው፤ ትንፋሽና ነፍስ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው። መግራቱም እንደ በቅሎ መግራት ነው፤ ባለሙያው በትዕግሥት ያለማምዳታል እንጂ ልጓሟን እየጎተተ አፏን አያቆስልም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጀርባን አቅንቶ መቀመጥ፣ አንድ እጅን ሆድ ላይ ማሳረፍ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ እስከ አራት እየቆጠሩ መሳብ፤ ሆድ እጅን ወደ ውጭ ገፋ ያደርገዋል። ትከሻ ከተነሣ ትንፋሹ ደረት ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ከዚያ እስከ ስድስት እየቆጠሩ በአፍንጫ መልቀቅ፤ እጅም ከሆድ ጋር ይመለሳል። አንድ አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ቆጠራው በሰከንድ ከሆነ እንዲህ የተገራ ትንፋሽ በደቂቃ 6 ብቻ ይሆናል።

የአወጣጡ መርዘም ምክንያት አለው። አየር ስንስብ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናወጣ ዝግ ይላል። ይህን ከሚያደርጉት ዋነኛው ከአንጎል ሥር ተነሥቶ እስከ ልብና ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው፤ ትንፋሹ ቀስ ብሎ ሲወጣ የነርቩ የማርገብ ሥራ ይጎላል። ልብን «ዝግ በል» ብሎ ማዘዝ አይቻልም፤ ትንፋሽን ግን ይቻላል፣ ልብም ይከተለዋል። ስንናደድ ወይም ስንደነግጥ ትንፋሻችን ያጥራል፤ ጭንቅ ሲያልፍልን ደግሞ ማንም ሳያስተምረን «እፎይ» እንላለን፣ እሱም ረጅም አወጣጥ ነው። በየቀኑ የሚለማመድ ሰው ይህን እፎይታ ጭንቁ እስኪያልፍ ሳይጠብቅ መጥራት ይለምዳል፤ ብዙዎች ማታ እንቅልፍ ቶሎ የሚወስዳቸውም ለዚህ ነው።

ሱትራው ፕራናያማን ያስቀመጠው አቀማመጥ ከጸና በኋላ ነው፤ ትክክልም ነው። ጎብጦ የተቀመጠ ሰው ሳንባው የሚሰፋበት ቦታ አያገኝም። አካልን የሚያፍታታው የዮጋ ክፍል በራሱም ጥቅም አለው፦ የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከሩ ከመከራቸው ነገሮች አንዱ ዮጋ ነው።

ዛሬ ማታ ከመተኛትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ይሞክሩት። ራስዎን ካዞረዎ ቆጠራውን ይተዉትና እንደ ወትሮው ይተንፍሱ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ወይም የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ካለብዎ፣ ትንፋሽን አፍኖ መያዝ ያለባቸውን ልምምዶች ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጀምሩ፤ የታዘዘልዎትንም መድኃኒት አያቋርጡ።